ሞንጎመሪ፣ ፌርፋክስ ወይስ ላውደን? በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ሀብታም ካውንቲዎች ለአቅምዎና ለኑሮዎ የሚስማማውን ለመምረጥ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት የሚፈልግ ሐበሻ ይዋል ይደር እንጂ ከሦስት ስሞች ጋር ይፋጠጣል፦ በሜሪላንድ በኩል ሞንጎመሪ፣ በቨርጂኒያ በኩል ፌርፋክስና ላውደን። ሦስቱም በአሜሪካ ከታወቁት ሀብታም ካውንቲዎች ይቆጠራሉ። በ2022 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የላውደን መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ በዓመት ወደ 170 ሺህ ዶላር፣ የፌርፋክስ ወደ 145 ሺህ፣ የሞንጎመሪ ወደ 125 ሺህ ነበር። አንዱ ዘመድ «እኛ ጋ ና፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው» ይላል፤ ሌላው «እዚያ ታክሱ አያኖርህም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ያልተናገሩት ነገር ቢኖር ለየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ነው።

ሀብታም ካውንቲ ውስጥ ኪራይ የሚወደደው ከግድግዳው ይልቅ በዙሪያው ባለው ነገር ነው፦ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በአውቶቡሱ፣ በክሊኒኩ። እነዚህን በየቀኑ የሚጠቀም ቤተሰብ የከፈለው ይመለስለታል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ወንደላጤ ግን ለማይገባበት ትምህርት ቤት በወር ብዙ መቶ ዶላር ትርፍ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከካውንቲው ዝና ሳይሆን ቤተሰቡ ከሚጠቀምበት ነገር ነው።

## መመዘኛዎቹ

ስድስት ነገሮች ይታያሉ፦ የቤቱ ጠቅላላ ወጪ (ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ ኤችኦኤ ማለትም ለሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈለው፣ የኮንዶ ክፍያ)፣ ታክስ በድምሩ፣ በእርስዎ የሥራ ሰዓት ወደ ሥራ የሚወስደው ጊዜና ገንዘብ፣ በዚያ አድራሻ የሚደርስዎት ትምህርት ቤት፣ ገቢ ሲቀንስ የሚገኝ ድጋፍ፣ እንዲሁም ማኅበራዊ ኑሮ።

ከሁሉ በፊት አድራሻው የት እንደሆነ ያረጋግጡ። ፖስታው ላይ «አሌክሳንድሪያ» ወይም «ፎልስ ቸርች» የሚል ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የአሌክሳንድሪያ ከተማና የፎልስ ቸርች ከተማ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ታክሳቸውም ትምህርት ቤታቸውም ለየብቻ ነው። ማስታወቂያ ላይ ያለውን የከተማ ስም ብቻ አይተው ውል የፈረሙ ወላጆች ልጃቸው ካሰቡት ትምህርት ቤት ሲመለስ ያን ጊዜ ነው የሚነቁት። ቁጥሩንና የመንገዱን ስም በካውንቲው የትምህርት ቤት አድራሻ ማፈላለጊያ ላይ ማስገባት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

## ታክስ፦ አንዱን ብቻ ነጥሎ አያዩም

ሜሪላንድ ከስቴቱ የገቢ ታክስ ሌላ ካውንቲውም የራሱን ይወስዳል፤ የሞንጎመሪ ድርሻ 3.2 በመቶ ነው። በቨርጂኒያ ካውንቲዎች የገቢ ታክስ የላቸውም። በዓመት 100 ሺህ ዶላር የሚያገኙና ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በ2025 ደንብ ቢሰላላቸው፣ ሞንጎመሪ ውስጥ ለስቴትና ለካውንቲ 6,300 ዶላር ገደማ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ 4,200 ገደማ ይከፍላሉ። ልዩነቱ 2 ሺህ ዶላር ያህል ነው።

ቨርጂኒያ ግን ከዚህ ላይ ጥቂቱን በመኪና ታክስ መልሳ ትወስዳለች። በየዓመቱ የመኪናው ዋጋ ይገመትና ፌርፋክስ በየ100 ዶላሩ ከ4 ዶላር በላይ፣ ላውደን ከዚያ ቀነስ አድርጎ ያስከፍላል። ለግል መኪና ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ዋጋ ላይ ስቴቱ ከፊሉን ይሸፍናል፤ ፌርፋክስ ውስጥ ይህ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አንዱ 20 ሺህ፣ ሌላው 12 ሺህ ዶላር የሚያወጡ ሁለት መኪኖች ያሉት ቤተሰብ ፌርፋክስ ውስጥ በዓመት 700 ዶላር ገደማ ይደርስበታል። ፌርፋክስ የሚሰበስበው በጥቅምት ወር መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ነው። ላውደን ግንቦትና ጥቅምት ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ኡበር የሚሠራ ሰው ልብ ይበል፦ መኪናው ለሥራ እንደሚውል ከተመዘገበ ይህ ቅናሽ ይቀርበታል።

ሜሪላንድ ከመኪና የምትወስደው ሲገዛ ነው፦ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ 6.5 በመቶ፤ ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ። የአስቤዛ ምግብ በሜሪላንድ ከሽያጭ ታክስ ነጻ ነው፤ በቨርጂኒያ 1 በመቶ ይታሰባል። ፌርፋክስ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በምግብ ቤት ምግብ ላይ 4 በመቶ ስለጨመረ፣ ከሽያጭ ታክሱ ጋር 10 በመቶ ሆኗል።

የቤት ታክስ ላይ ላውደን ይቀልላል። አሽበርን አካባቢ የተኮለኮሉት የዳታ ማዕከሎች ከፍተኛ ታክስ ስለሚከፍሉ፣ ነዋሪው ከቤቱ ግምት በየ100 ዶላሩ ከ1 ዶላር በታች ይከፍላል። ፌርፋክስ 1.12 አካባቢ ነው፤ ሞንጎመሪም የስቴቱ ድርሻ ሲታከልበት ከ1 ዶላር ያልፋል። ሞንጎመሪ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ሊረሳው የማይገባ አንድ ቅጽ አለ፦ ሆምስቴድ ክሬዲት። አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል፤ ታክስ የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ያግዳል። ካልሞሉት ጥበቃው የለም።

ሲገዙም ሜሪላንድ ይከብዳል። ቤቱ ባለቤት ሲቀይር የሚከፈለው የትራንስፈርና የመዝገብ ታክስ ከቨርጂኒያ ይበልጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ግን የስቴቱ ትራንስፈር ታክስ በግማሽ ይቀነስለታል፤ ያንኑም የሚከፍለው ሻጩ ነው። የመዝጊያ ሒሳቡን የሚያዘጋጀውን ድርጅት «የመጀመሪያ ገዢ ነኝ» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

## ቤዝመንት ለሚከራይ

ብዙ ሰው ወደ እነዚህ ካውንቲዎች የሚገባው በቤዝመንት፣ ማለትም የሰው ምድር ቤት ተከራይቶ ነው። አንድ ክፍል ከ700 እስከ 1,000 ዶላር፣ ሙሉ ቤዝመንት ከ1,300 እስከ 1,800 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ከአፓርትመንት በጣም ይረክሳል፤ ትምህርት ቤቱም ያው ነው። ችግሩ ሁሉም ቤዝመንት ለመኝታ የተሠራ አለመሆኑ ነው።

ሜትር ይዘው ይሂዱ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ሊኖር ይገባል። አሁን በሚሠራበት የግንባታ ደንብ የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። ሲከፈት ክፍተቱ ቢያንስ 20 ኢንች ስፋትና 24 ኢንች ቁመት ያስፈልገዋል፤ ግን ሁለቱም በትንሹ ልክ ከሆኑ አይበቃም። ጠቅላላ ክፍተቱ 5 ስኩዌር ፊት መሙላት አለበት፤ ማለትም ስፋቱ 20 ከሆነ ቁመቱ 36 ኢንች መሆን አለበት። የሚለካው መስተዋቱ ሳይሆን ተከፍቶ የሚገኘው ቀዳዳ ነው። ወደ ጎን የሚንሸራተት መስኮት ግማሹ ብቻ ስለሚከፈት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መስኮቱ ብረት ከተገጠመበት ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት ይኖርበታል። ጭስ ጠቋሚውን ተጭነው ያስጮሁት። ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይኛው ፎቅ ብቻ ካለ ጥር ላይ እንዴት እንደምትስማሙ አሁኑኑ ይነጋገሩ። የግድግዳውን ሥር ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ እየገባ ነው።

ሞንጎመሪ ውስጥ የሚያከራይ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱንም በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ በአድራሻ ማየት ይቻላል። ፌርፋክስም ለቤት ውስጥ ተጨማሪ መኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት ተጠቁሞ ከተዘጋ የሚወጣው ተከራዩ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ካስገቡ በኋላ ይህ ሲሆን ያማል። መያዣ ገንዘቡ ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ለሚፈረም ውል ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ቨርጂኒያ ሁለት ወር ትፈቅዳለች። ሁለቱም ጋ ከወጡ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

## ሞንጎመሪ

ለአዲስ መጤና ገቢው ገና ላልተረጋጋ ቤተሰብ ከሦስቱ የተሻለው ይህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን በሜትሮው ባቡር በሬድ ላይን ከዲሲ ጋር ይገናኛሉ፤ ሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ታክስ የሚሠራው፣ ፀጉር ቤቱ በእግር የሚደረስ ነው። የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦን ከ2025 ጀምሮ ክፍያ የለውም። ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ የሚልኳቸው ዋና ዋና ወረቀቶች በአማርኛ ይተረጎማሉ። ካውንቲው ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው።

ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሠራ የኪራይ ጭማሪ ገደብ አለ። ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ከ6 በመቶ አያልፍም፤ አከራዩም ከ90 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ዕድሜያቸው ከ23 ዓመት በታች የሆኑ ሕንፃዎችና አንድ ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራዩ ሰዎች ግን አይገደዱም። ስለዚህ አዲስ አንጸባራቂ ሕንፃ ከመግባትዎ በፊት «ገደቡ ይመለከታችኋል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ኤምፒዲዩ የሚባለውን ፕሮግራም ሊያውቀው ይገባል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፤ ትልልቅ አዲስ ግንባታዎች ከቤቶቻቸው የተወሰነውን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጡ ወይም እንዲያከራዩ ያስገድዳል። የገቢ ጣሪያው የሚሰላው በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ስለሆነ፣ ከ100 ሺህ ዶላር ትንሽ በላይ የሚያገኝ አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ እንኳ ሊገባ ይችላል። ለመግዛት ትምህርቱን መውሰድ፣ ከባንክ የቅድመ ብቁነት ደብዳቤ ማምጣት፣ ከዚያ ዕጣ ውስጥ መግባት ነው። ለኪራይ ግን በቀጥታ ሕንፃው ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የተገዛው ቤት ለዓመታት በገበያ ዋጋ አይሸጥም፤ ይህን አስቦ መግባት ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ታክሱና መንገዱ ነው። ከሞንጎመሪ ተነሥቶ ቨርጂኒያ የሚሠራ ሰው የአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ላይ ዕድሜውን ይጨርሳል። ጀርመንታውንና ጌይዘርስበርግ ቤት ይረክሳል፤ ግን አይ-270 አውራ ጎዳና ጠዋትና ማታ ይቆማል። ፐርፕል ላይን የተባለው አዲስ ባቡር ገና ያላለቀ ሥራ ነውና እሱን ታምኖ ዛሬ ውድ ኪራይ መግባት አይመከርም።

## ፌርፋክስ

የሥራ ብዛት የሚፈልግ ሰው ፌርፋክስን ያስብ። ታይሰንስ፣ ሬስተን፣ ትልልቅ ሆስፒታሎችና የደለስ ኤርፖርት ከፊሉ እዚያ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ወደ 180 ሺህ ተማሪ ያስተናግዳል፤ ከሦስቱ ትልቁ ነው። የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ የሚገኘው በዚሁ ካውንቲ ነው፤ ሆኖም የላውደን ልጆችም ያመለክታሉና ለእሱ ሲባል ብቻ ፌርፋክስ መከራየት ግዴታ አይደለም። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መሻገር ቤት ሆኖ ዲግሪ ለመያዝ ከሚታወቁት ርካሽ መንገዶች አንዱ ነው።

ቤይሊስ ክሮስሮድስና ስካይላይን ሐበሻው የበዛበት፣ አናንዴልና ስፕሪንግፊልድ ለቤተሰብ የሚመቹ፣ መክሌንና ግሬት ፎልስ ደግሞ በአብዛኛው ከአቅም በላይ የሆኑ ሰፈሮች ናቸው። የኪራይ ገደብ የለም። ውል ሲታደስ አከራዩ የፈለገውን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ አይቶ መግባት አደገኛ ነው፤ «አንድ ወር ነጻ» የሚለውን አውጥተው እውነተኛውን ወርሃዊ ዋጋ ያስሉ።

## ላውደን

ሁለት ጥሩ ገቢና ሁለት መኪና ላለው፣ ሰፊ አዲስ ቤት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይስማማል። በደለስ ለሚሠራም ስተርሊንግ ከሁሉ ይቀርባል፤ ከአሽበርንም ይረክሳል። የሲልቨር ላይን ባቡር በኅዳር 2022 አሽበርን ደርሷል፤ ወደ ዲሲ መሃል አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሥራ ቀን ለረጅም ጉዞ የሜትሮው ከፍተኛ ክፍያ ባንድ ጉዞ 6.75 ዶላር ስለነበር፣ በወር 20 ቀን ደርሶ መልስ 270 ዶላር ማለት ነው፤ ፓርኪንጉ ሳይቆጠር። ሜትሮ በሥራ ቀን የሚነሣው ንጋት 11 ሰዓት ግድም ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ፈረቃ የሚጀምር የኤርፖርት ሠራተኛ በእሱ አይደርስም።

በመኪና ከሆነ ግሪንዌይ የሚባለው የክፍያ መንገድና የደለስ ክፍያ መንገድ ተደምረው ደርሶ መልስ ከ15 ዶላር በላይ ይበላሉ። መሃሉ ላይ ያለው ነጻ መስመር ለኤርፖርት ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ አቋራጭ አድርጎ የሚነዳበት ይቀጣል። ኤችኦኤ በአብዛኛው አዲስ ሰፈር ግዴታ ስለሆነ ሰነዱን ያንብቡ፦ የሥራ ቫን ማቆም፣ ቤዝመንት ማከራየት፣ ዴይኬር መክፈት የሚከለክል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰነዱ ከደረሰዎት በኋላ ውሉን ለመሰረዝ በመደበኛው 3 ቀን ብቻ ነው ያለዎት። ሜሪላንድ ለኤችኦኤ 5፣ ለኮንዶ 7 ቀን ትሰጣለች። ከቤቱ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ለዳታ ማዕከል ወይም ለከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር የታሰበ መሆን አለመሆኑንም በካውንቲው ካርታ ላይ ይመልከቱ።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት መኪና በማይነዱበት፣ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን በእግር በማይደረስበት አሽበርን ውስጥ ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ቤት ይዘጋባቸዋል። ወላጅ የሚያመጣ ቤተሰብ ከስፋት ይልቅ ቅርበትን ቢያስቀድም ይሻላል።

## ገቢ ሲቀንስ

የሀብታም ካውንቲ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነው። የምግብ ድጋፍና የአዋቂዎች ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚለኩት በፌዴራል የድህነት መስመር ነው፤ በ2025 ለአራት ሰው 32,150 ዶላር። ኪራዩ 2,300 ሲሆን መስመሩ ከፍ አይልም። በዚህ የተነሣ 60 እና 70 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ቤተሰብ ለእርዳታ «ይበዛበታል»፤ ለኪራይ ደግሞ ያንሰዋል።

የልጆች ጤና መድን ላይ ሁለቱ ስቴቶች በጣም ይራራቃሉ። ሜሪላንድ ገቢው እስከ ድህነት መስመሩ 322 በመቶ ድረስ ለሆነ ቤተሰብ ትሸፍናለች፤ ለአራት ሰው 103 ሺህ ዶላር ገደማ። ቨርጂኒያ 205 በመቶ ላይ ትቆማለች፤ 66 ሺህ ዶላር ገደማ። በሥራ ቦታ መድን የሌለውና 80 ሺህ የሚያገኝ አባወራ ለልጆቹ መድን ሲከፍል፣ በገቢ ታክስ ከቨርጂኒያ ያተረፈው ሊሟጠጥ ይችላል። ሞንጎመሪ በተጨማሪ መድን ለሌላቸው አዋቂዎች ሞንጎመሪ ኬርስ የሚባል የክሊኒክ ፕሮግራም አለው።

ዝቅተኛው ደመወዝም ይለያያል። ሜሪላንድ 15 ዶላር ነው፤ ሞንጎመሪ ትልልቅ ቀጣሪዎችን ከ17 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ቨርጂኒያ በ2026 12.77 ነው።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ሞንጎመሪ | ፌርፋክስ | ላውደን |
|---|---|---|---|
| ባለ ሁለት መኝታ ኪራይ (ግምት) | 2,000–2,500 ዶላር | 2,300–2,800 ዶላር | 2,300–2,700 ዶላር |
| የካውንቲ ገቢ ታክስ | 3.2 በመቶ | የለም | የለም |
| ዓመታዊ የመኪና ታክስ | የለም | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| የቤት ታክስ (በየ100 ዶላር) | ከ1 በላይ | 1.12 ገደማ | ከ1 በታች |
| የኪራይ ጭማሪ ገደብ | አለ፣ አዲስ ሕንፃ አይጨምርም | የለም | የለም |
| ያለ መኪና መኖር | በሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ይቻላል | በሜትሮ አጠገብ ብቻ | ከባድ |
| ለመዋዕለ ሕፃናት 5 ዓመት የሚሞላበት ቀን | መስከረም 1 | መስከረም 30 | መስከረም 30 |
| የልጆች ጤና መድን ጣሪያ (ከድህነት መስመር) | 322 በመቶ | 205 በመቶ | 205 በመቶ |

የመዋዕለ ሕፃናቱ ቀን ተራ ነገር አይምሰልዎ። መስከረም 15 የተወለደ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ዘንድሮ ይገባል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ደንቡ እስከሚቀጥለው ዓመት ያስጠብቀዋል። ዴይኬር በወር 1,500 ዶላር ከሆነ ያ አንድ ዓመት 18 ሺህ ዶላር ነው።

## በበጀትና በፍላጎት

ገቢው ከ60 ሺህ በታች የሆነ ወንደላጤ ወይም አዲስ መጤ፦ ዊተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ፈቃድ ያለው ቤዝመንት። መኪና ሳይገዙ መጀመር ራሱ ትልቅ ቁጠባ ነው። አብዛኛው አከራይ ድርጅት ከኪራዩ ሦስት እጥፍ ገቢ ይጠይቃል፤ ለ2,000 ዶላር አፓርትመንት 72 ሺህ ማለት ነው።

ከ70 እስከ 110 ሺህ፣ ልጆች ያሉት፦ የሥራ ቦታው መድን ከሌለው ሞንጎመሪ፣ ከኤምፒዲዩ ጋር። ሁለቱም በሥራ መድን ካላቸውና ሥራቸው ቨርጂኒያ ከሆነ ስፕሪንግፊልድ ወይም አናንዴል፤ ድልድይ እየተሻገሩ ታክስ ለማሸነፍ ወይም ድጋፍ ለማግኘት መሞከር አያዋጣም።

ከ170 ሺህ በላይ፣ ለመግዛት የቆረጠ፦ ላውደንንና ፌርፋክስን ያወዳድር። የላውደን የቤት ታክስ ቅናሽ በ700 ሺህ ዶላር ቤት ላይ በዓመት 2 ሺህ ዶላር አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ በየቀኑ ዲሲ የሚመላለስ ሰው ግን በክፍያ መንገድ ብቻ ያንን ይጨርሰዋል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢሮ የሚገባ ሰው ያተርፋል።

የትምህርት ቤት ክልል ለሚያሳስበው ሁሉ፦ ሞንጎመሪም ፌርፋክስም ክልሎቻቸውን ሲከልሱ ቆይተዋል፤ ከሻጩ ቃል ይልቅ የትምህርት ቦርዱን የቅርብ ጊዜ ካርታ ይመኑ። ሞንጎመሪ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ1 ማይል፣ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከ2 ማይል በታች ከሆነ በመደበኛው አውቶቡስ ስለማይመጣለት፣ ማለዳ ሥራ የሚገባ ወላጅ መንገዱን በእግሩ ሄዶ ይየው።

ልጅ የሌለው ወይም ልጁ ገና ሕፃን የሆነና ቅድመ ክፍያ የሚያጠራቅም ደግሞ በእነዚህ ሦስት ካውንቲዎች መወሰን የለበትም። ፕሪንስ ጆርጅስ (ሜሪላንድ) እና ፕሪንስ ዊልያም (ቨርጂኒያ) በሚባሉት ጎረቤት ካውንቲዎች ቤት ይረክሳል። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በጸደይ ወራት ቤት መፈለግ ጀምሮ ከነሐሴ በፊት መግባት ይችላል፤ ለምዝገባ በስሙ የተጻፈ የኪራይ ውል ወይም የቤት ሰነድ፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ያዘጋጅ። በዘመድ ቤት የሚኖር ከሆነ የቤቱ ባለቤት የሚፈርመው የጋራ መኖሪያ ቅጽ ስላለ፣ ያንን ቀድሞ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ይውሰድ።